የሌለው ኮምፒውተር

ጭሮ ባለ አንድ ኮሌጅ በኔትወርክ ባለሙያነት ሥራ የጀመርኩ ቀን ዲኑ ኦቦ ጀማል የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝና፣ "የሰርቨሩን ፓስወርድ የምታውቁት አንተና ነጃት ብቻ ናችሁ" አሉኝ። ነጃት የሚኤሶ ልጅ ናት፤ የተማሪዎችን ውጤት የምትመዘግበው እሷ ነበረች። እኔ ጥላዬን እንኳ የማላምን ሰው ነኝ። ገና በዚያው ቀን፣ እሷ ለምን ታውቃለች ስል አደርኩ።

ለማስተማሪያ ሌላ ማሽን ስላልነበረን እዚያው ሰርቨር ላይ አስመሳይ ኔትወርክ ሠራሁ። ኮምፒውተሮቹ በሶፍትዌር ብቻ ያሉ ናቸው፤ አድራሻቸውንም ሶፍትዌሩ ራሱ ያድላቸዋል። በአንዱ ላይ ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ለመግባት የሚያስችል የርቀት መግቢያ ሰርቨር አስነሳሁና ሠልጣኞች እያዩ በዚያው ፓስወርድ ከሌላው ገባሁበት።

"ይህ ኮምፒውተር በእውን የለም፤ ብንሰርዝበት የሚያለቅስ የለም" አልኩና እዚያ ያየሁትን አንድ ፎልደር ሰረዝኩ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ረቡዕ ጠዋት የተማሪዎች ውጤት ከሰርቨሩ ጠፍቶ ተገኘ። የመግቢያ መዝገቡን ስከፍት ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ በእኛው ፓስወርድ የገባ ሰው አለ። የመጣበት አድራሻ ግን የኮሌጁ አይደለም። በቀጥታ ነጃት ዘንድ ሄድኩ።

"ማክሰኞ የት ነበርሽ?"

"ቦርደዴ፣ ለቅሶ።"

"ከቦርደዴም መግባት ይቻላል።"

"ወላሂ አልነካሁም!" አለች። እንባዋ መጣ፤ እኔ እንባዋንም ጠረጠርኩት።

ኦቦ ጀማል የእግድ ደብዳቤ አጻፉ። ነጃት ደብዳቤውን ከመቀበሏ በፊት መዝገቡን አሳየኝ አለች። አሳየኋት።

"በዚህ ሰዓት አንተስ የት ነበርክ?"

"ክፍል፣ እያስተማርኩ።"

"ምን እያስተማርክ?"

ሄጄ አጣራሁ፤ አድራሻው የአስመሳዩ ኮምፒውተር ነው። ኔትወርኩ የራሱ ይሁን እንጂ ዲስኩ የሰርቨሩ ነበር። ያንን ፎልደር የሰረዝኩት ከእውነተኛው ዲስክ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። በጣም አፈርኩ።

"ኦቦ፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን በእኔ ስም ያድርጉት" አልኳቸው።

ቀደዱትና፣ "መጀመሪያ ውጤቱን መልስ" አሉኝ። ነጃት ከመምህራን ወረቀት ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሳምንት ፈጀብን። ይቅርታ ስጠይቃት "አላህ ይቅር ይበልህ" አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

በመጨረሻው ቀን ፓስወርዱን ቀየረችው። ለእኔ አልነገረችኝም። ዛሬም ወደ ሰርቨሩ መግባት ሲያስፈልገኝ እሷን እጠራለሁ፤ ስትጽፍ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው፦ አስመሳይ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨር ስታስነሱ ዲስኩ የማን እንደሆነ አጣሩ። ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ደግሞ በዚያ ሰዓት እናንተ ምን ስትሠሩ እንደነበር።