ብርሃን ካልከበደ ፀሐይ በምን ከሳች?

ባለፈው ሐሙስ እዚህ ቢቸና፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ... የማስተምረውን ራሴ እንደማላውቀው አወቅሁ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ማስተማር ከጀመርሁ ስድስት ዓመቴ ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ከዋክብት ነበር። ፀሐይ ብርሃን በሰጠች ቁጥር ክብደቷ ይቀንሳል፤ በየሰከንዱ አርባ ሚሊዮን ኩንታል ያህል ትከሳለች ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ተማሪዎቹ በቁጥሩ ሲንሾካሾኩ ትርንጎ የምትባል ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ባለፈው ወር ብርሃን ክብደት የለውም ብለውን ነበር።»

«አዎ፣ የለውም።»

«ታዲያ ክብደት የሌለው ነገር ክብደት ይዞ እንዴት ይወጣል?»

ወደ ሰሌዳው ዞሬ የጻፍሁትን ቁጥር ደግሜ አነበብሁ። ሁለቱንም በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ግን በተለያየ ምዕራፍ ስለሆኑ ጎን ለጎን አስቀምጫቸው አላውቅም። ክፍሉ ሁሉ ያየኛል። አፈርሁ። ያፈረ ሰው ደግሞ መቆጣት ይቀናዋል።

«ልትረብሺ ከሆነ ውጪ» አልኋት። ደብተሯን ይዛ ወጣች። ዓርብ ወንበሯ ባዶ ነበር።

መጽሐፍ ባገላብጥ፣ ስልኬ ላይ ባነብ ይባስ ተደናገርሁ። ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ነው ሲሉኝ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሞጣ ሄድሁ። ያደግሁት እዚያ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩኝ ጋሽ ይሄይስ ጡረታ ወጥተው እዚያው ይኖራሉ።

ጓሯቸው ውስጥ ጌሾ ሲቀጥፉ አገኘኋቸው። ስሜን ከነአባቴ ጠሩኝ። መስኮቱ ሥር እቀመጥበት የነበረውን ዴስክ ሳይቀር አስታወሱ። የመጣሁበትን ጥያቄ ነገርኋቸው። ቅጠሉን እንደያዙ ቀጥ አሉ።

«አሁንም አልተውካትም?»

«ምኗን ጋሼ?»

«ይችን ጥያቄ ነዋ። ያኔ ብትጠይቀኝ መልሱ ስለጠፋኝ ከክፍል አስወጣሁህ። ሳምንቱን ሙሉ ቀረህ። ኋላ መልሱን አገኘሁት፤ አንተ ግን ዳግመኛ እጅህን አላነሳህም። ሲቆጨኝ ኖሯል ልጄ። ይቅር በለኝ።»

ግራ ገባኝ። እኔ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ከክፍል ተባርሬም አላውቅም። ሌላ ልጅ ይሆን ብዬ የዚያን ጊዜ ጓደኞቼን አንድ በአንድ ባስብ፣ ይሄ ነው የምለው አጣሁ። ደግሞ እሳቸው ስሜን አልሳቱ፣ ዴስኬን አልሳቱ... ወይስ የረሳሁት እኔ ነኝ?

«ጋሼ፣ እኔ እንኳን አይመስለኝም...» ብዬ ጀመርሁና ዓይናቸውን ሳይ ተውሁት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና ያንን ሁሉ ዓመት የያዙትን መልስ ሰጡኝ።

«የጋለ ማረሻ ከቀዘቀዘው ይከብዳል፤ ልዩነቱን የሚይዝ ሚዛን የለም እንጂ። ጉልበት፣ ኢነርጂ የምንለው ማለቴ ነው፣ ያለበት ነገር ሁሉ በጉልበቱ ልክ ይከብዳል። ብርሃን ቆሞ የሚመዘን አካል የለውም፤ ጉልበት ግን ይዞ ይሄዳል። ጉልበቷ በወጣ ቁጥር የቀረችው ፀሐይ ያንኑ ያህል ትቀላለች።»

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ፀሐይ ላስብ ብል አልቻልሁም። የማን ይቅርታ ነው የተቀበልሁት? ያ ልጅ፣ ካለ፣ ዛሬ የት ነው?

ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትርንጎን ከእናቷ ጋር መንገድ ላይ አገኘኋት። ስታየኝ አቀረቀረች።

«ጥያቄሽ ልክ ነበር» አልኋት። «መልሱን ስላላወቅሁት ነው ያስወጣሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እናቷ ፈገግ አሉ። «ኧረ ግድ የለም። እኛንስ በጥያቄ መች አስቀመጠችን።»

የማረሻውን ነገር እንደተነገረኝ ነገርኋት። አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማችኝ።

«ገባኝ ቲቸር» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «ታዲያ ያ ብርሃን እኛ ላይ ሲያርፍ... መሬት እየከበደች ነው ማለት ነው?»

አየኋት። እናቷም አዩኝ።

«አላውቅም» አልኋት። «ነገ ነይና አብረን እናስበዋለን።»

የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ... የነገው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው።