ለልጄ ያልሰጠሁት ነጥብ

በከሚሴ ዲሽ የሰቀልኩበትን ጣራ ከምቆጥር ያልሰቀልኩበትን ብቆጥር ይቀለኛል። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የርዕሰ መምህሩን ቴሌቪዥን ለመጠገን። የአማርኛ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፣ የፈረንጁን ደግሞ ከሬድዮ ሆድ ውስጥ። ባለ ዲፕሎማዎች በመሣሪያ ፈልገው ያጡትን ቻናል እኔ ዲሹን በመዳፌ ገፋ አድርጌ አምጥቼላቸዋለሁ። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የአገሮቹን የዘፈን ውድድር ያገኘሁትም ዲሽ ሳዞር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የአውሮፓ አገሮች እያንዳንዳቸው አንድ ዘፈን ይልካሉ፣ ከዚያ ይፈራረዳሉ። ዋናው ዝግጅት በእኛ የእንቅልፍ ሰዓት ስለሚሆን በማግስቱ ሲደገም ሱቄ ውስጥ አየዋለሁ። ቋንቋውን አላውቅም። ሕጉን ግን ሦስት ዓመት አይቼ ራሴ ደረስኩበት። የየአገሩ ዳኛ ከተማውን ከጀርባው አድርጎ ይቀርብና ነጥብ ያድላል፤ ትልቁ አስራ ሁለት ነው። ለገዛ አገሩ ግን አንድም መስጠት አይችልም። ይህ ሕግ በጣም ደስ አለኝ። ፈረንጅ ከእኛ ሽማግሌ የተማረው መሰለኝ።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነበር። ድንበር የሚጋሩት አገሮች አስራ ሁለቷን እርስ በርስ ይሰጣጣሉ። «ዘመዳሞች» እያልኩ እሰድባቸዋለሁ። ከጎኔ ያለው ልብስ ሰፊ መቀሱን አስቀምጦ እየመጣ አብሮኝ ያያል፤ እኔን ማናደድ ይወዳል።

አንድ ጊዜ እንዲህ አለኝ፦ «ለጎረቤት መስጠት ምን ነውር አለው? አንተስ ለአረፋ በግ ስታርድ ሥጋውን ለእኔ ነው የምትሰጠው ወይስ ደሴ ድረስ ትልካለህ?»

ፍርድና ሥጋ አንድ አይደለም ብዬ ዘጋሁት።

ከሦስት ዓመት በፊት የከተማችን ወጣቶች ሱቄ መጡ። የአፍሪካ አገሮችም እንደዚያው በቴሌቪዥን ሊወዳደሩ ነው፣ አገራችንን የሚወክለው አዲስ አበባ ላይ ይመረጣል፣ ከዞናችንም አንድ ዘፋኝ ይላካል አሉኝ። እንዴት እንደሚዳኝ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ሕጉን አወጣሁላቸው። ከአምስት ቦታ አምስት ዘፋኝና አምስት ዳኛ ይመጣል። እያንዳንዱ ዳኛ ለአንዱ አስራ ሁለት፣ ለሌላው አስር ይሰጣል፤ የቀሩት ምንም አያገኙም። ለራስ ቦታ መስጠት ክልክል ነው። የከሚሴ ዳኛ እኔ ሆንኩ።

ልጄ ባቲ ነው የተዳረችው። ባቲዎች የመረጡት እሷን ነበር።

ስለ ድምጿ ልናገር። ልጅ ሳለች ጨፋ ባለችን ማሳ ላይ፣ ማሽላው ሲያሽት፣ ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ትጠብቅ ነበር። ሌሎቹ ወንጭፍ ይዘው ሲደክሙ እሷ በድምጿ ብቻ ታባርራለች። ጥሪዋ ቦርከና ወንዝ ዳር ያሉ ከብት ጠባቂዎች ዘንድ ይደርስ ነበር። ትንፋሹን ከሆድ አውጪው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባሏ መድረክ ላይ መውጣቷን አልፈቀደም ነበር። ባቲ ድረስ ሄጄ ከእሱም ከእናቱም ፊት ተቀምጬ ለመንኩ። በመጨረሻ «ስለ እርስዎ ብዬ፣ ለአንድ ጊዜ ትሞክር» አለ። ልጄ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ስወጣ እጄን ስማ ለቀቅ ማድረግ አቃታት።

የውድድሩ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ልጄ ያን የወፍ ጥሪ ዘፈን አድርጋው መጣች፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ስትጀምር ማይኩን ከአፏ አራቀችው፤ አላስፈለጋትም። ከኋላ የተቀመጡት አሮጊቶች አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከእሷ ቀጥሎ ጥሩ የነበረው ከሰንበቴ ከተማ የመጣው ወጣት ነው። የቀሩትን አላስታውሳቸውም።

ለእሷ መስጠት የሚችሉት ሌሎቹ ሦስት ዳኞች አስራ ሁለት አስራ ሁለት ሰጧት። የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። ለሰንበቴው አስራ ሁለት ሰጥቼ ለእሷ አስሯን ብተውላት እንኳ ታልፍ ነበር። ይህን ተነስቼ ከመቆሜ በፊት በልቤ ደምሬዋለሁ፤ ሒሳብ አያልፈኝም። ሕጉም አይከለክለኝም፤ የባቲ እንጂ የከሚሴ ዘፋኝ አይደለችም።

ግን እኔ ሽምግልና የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ በወገኑ ላይ ይጠነክራል። ጥፋቱ እኩል ቢሆንም «አንተ ተው፣ አንተ ካስ» የሚለው የራሱን ሰው ነው፤ ባዳው የሚያምነው ያኔ ነው። የራሱን ሰው በኋላ ቤቱ ወስዶ ይክሰዋል፤ ጊደርም ይሁን ምርቃት ያገኝለታል። በዚህ መንገድ ስንት ቂም አብርጃለሁ፤ ስንት ሰው ከእኔ ፊት ታርቆ ሄዷል። አዳራሹ ሁሉ ልጄ መሆኗን ያውቃል። ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ ነው።

አስራ ሁለቷን ለሰንበቴ ሰጠሁ። አስሯን መልኩ እንኳ ለማይታወሰኝ ልጅ ሰጠሁ። የሰንበቴው ወጣት ልጄን በልጦ አለፈ።

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። «ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት ጥቂት ነው።

ልጄን ውጭ ባጃጅ ስትጠብቅ አገኘኋት። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳዋለች።

«አባ፣ ዘፈኔ አልጣመህም?» አለችኝ።

«ከሁሉም የአንቺ ይበልጥ ነበር» አልኳት። ስጦታ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። እክስሻለሁ፣ አንቺ የቤቴ ነሽ፣ ብዬም ጨመርኩ።

ነጠላዋን ከግንባሯ ገለጥ አደረገች። «ጠብ ቢሆን ትክሰኝ ነበር። ይሄን በምን ትክሰኛለህ?»

ሳቅሁ። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ነው። ባጃጁ መጣ፣ ገባች፣ ሄደች።

ከብዙ ቀን በኋላ ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባሁ። መርፌ ውስጥ ክር እያስገባ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«እነዚያን ዘመዳሞች ስትሰድብ ከረምክ። እነሱ እኮ ቢያንስ የወደዱትን ዘፈን ነው የመረጡት።»

መልስ አላጣሁም። መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ያገኘሁትን መልስ ሁሉ ለራሴ ስነግረው አልጣመኝም። የፈረድኩት በዘፈኑ ላይ አልነበረም። እዚያ ወንበር ላይ ሰው እኔን እንዲያይ ነበር የፈለግሁት፤ እሷ ደግሞ ድምጿ እንዲሰማላት ነበር የመጣችው። ልጄ ስትቀርብ «ወገኔ ነች» ብዬ ወንበሩን ለሌላ ለቅቄ ከጎኗ መቀመጥ እችል ነበር። ሽማግሌ ይህንም ያደርጋል። ሕግ ሳወጣ ይህን ሳላስብ መቅረቴ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በዓመቱ ወጣቶቹ ተመልሰው ጠየቋት። ባሏን ዳግመኛ ልለምን ተነሳሁ። ባሏ ግን እሱ እንዳልከለከላት፣ እሷ ራሷ እንቢ እንዳለች ነገረኝ።

ዘንድሮ በአንድ ሰኞ፣ ገበያው ባቲን አጣቦት ሳለ፣ ንፋስ ያዞረባትን ዲሽ ላስተካክል ሄድኩ። በደንብ ተቀበለችኝ፤ ምሳ አቀረበች፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀች። የአገሮቹን ውድድር የሚያሳየውንም ቻናል ላስገባልሽ ወይ አልኳት።

«እሱ ይቅር አባ» አለች፣ ሳትቆጣ።

ጣራ ላይ ወጣሁ። በዕድሜዬ ያለ መሰላል የሚወጣ ሌላ ሰው ከሚሴም ባቲም የለም። ብሎኑን ሳላላ ታች ግቢ ሸራ ላይ የተሰጣው ማሽላ ላይ ወፍ ወረደ። ልጄ ከወጥ ቤት ወጣችና ያን ጥሪ ለቀቀችው። ረጅም ነው፤ ከሆድ ነው። አላረጀም። ወፎቹ እንደ አንድ ሰው ተነሱ፤ እኔም ቁልፉ በእጄ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። እየሰማኋት መሆኑ ገባት። ጥሪውን እመሃሉ ላይ ቆረጠችው፣ ከአጥሩ ሥር የደረቀ አገዳ አነሳች፣ የቀሩትን ወፎች ድምፅ ሳታወጣ በአገዳው ታባርራቸው ጀመር።

ዲሹን አስተካከልኩ፤ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ያን ቻናል አላስገባሁትም።