ከስብሰባ የቀረንበት እሁድ

ሦስት ጊዜ ከስብሰባ የቀረ ቤተሰብ ስሙ ከቤት ጠያቂዎች መዝገብ ይሰረዛል የሚል ማስታወቂያ በቀበሌያችን በር ላይ ተለጥፎ ነበር። እኔና ባሌ ሁለት ጊዜ ቀርተናል። የሁለቱም ጊዜ ጥፋት የፈረቃ ነው። እሱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መካኒክ ስለነበር እሁድ የለው፣ በዓል የለው፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን ገብቼ የእሱ ስም ሲጠራ መሬት መሬት ማየቱን አልወደድኩትም። ሦስተኛውን ግን የቀረነው ሆን ብለን ነው። የቀረነውም ኮክቴል ለመጠጣት ነው። ዛሬ ሳወራው ቀልድ ይመስላል፤ በደርግ ጊዜ ግን ስብሰባ ትቶ ባር መቀመጥ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ከተጋባን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖን ነበር። የምንኖረው ከመገናኛ ዝቅ ብሎ በአማቴ ቤት ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሃሉ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ከወዲያ አማቴ ከወዲህ እኛ እንተኛለን። አማቴን አላማም። እንደ እሳቸው ያለ ደግ ሰው ከዚያ ወዲህም አላጋጠመኝም። ችግራቸው አንድ ነው፤ እንቅልፍ የላቸውም። እኛ ስንንሾካሾክ መልሱን ከመጋረጃው ማዶ እሳቸው ይሰጡናል። አንድ ቀን ባሌን መቀሱን የት እንዳደረገው በጆሮው ብጠይቀው፣ ሳጥኑ ላይ ነው የኔ ልጅ አሉኝ። ስንጣላም የምንጣላው በሹክሹክታ ነው፤ በሹክሹክታ መጣላት እንዴት እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። አንዴ እንዲህ ስንነታረክ ቆይተን ዝም ስንል፣ እሳቸው ከማዶ «እውነቱ የእሷ ነው» ብለው ፈረዱልኝ። አማት የፈረደችላት ሚስት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እኔ ግን ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ።

በዚያ ሰሞን ከሰፈራችን ራስጌ አንዲት የቀበሌ ክፍል ተለቀቀች። አራት በሦስት፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ዝናብ ሲጥል የምታፈስ ቆርቆሮ። በመዝገቡ ላይ ተረኞቹ እኛ ነበርን። ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስናል ተባለ። እኔ ክፍሏን በውጭ አልፌ ሳያት የምወደው በሯን ነበር። ከእንጨት የተሠራ፣ ከውስጥ መወርወሪያ ያለው፣ እንደ ልብ የሚዘጋ በር።

ታዲያ ቤት ሊሰጣችሁ ሲል በዋዜማው ምን ልብ ሰጥቷችሁ ቀራችሁ ለሚለኝ ሰው መልሴ፣ ያስቀረኝ ቁጣ ነው የሚል ነው። ያ እሁድ ባሌ ከስንት ጊዜ በኋላ ያገኘው የዕረፍት ቀን ነበር። ጠዋት አልጋችን ላይ እንዳለን ሌሊት ያየሁትን ሕልም ልነግረው ጀመርኩ። ባሕር አይቼ የማላውቀው እኔ ባሕር ዳር ቆሜ ነበር፤ በእጄ ደግሞ አንድ ጫማ ብቻ ይዣለሁ። እዚህ ላይ እንደደረስኩ ከመጋረጃው ማዶ ጉሮሮ ተጠረገ። «ባሕር መንገድ ነው፣ ጫማ ደግሞ ትዳር ነው፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ጥንድ እንዲሆን ጸልዪ» አሉ አማቴ። ሕልሜን ገና አልጨረስኩትም ነበር። ተነሥቼ ጫማዬን አጠለቅሁና፣ ዛሬ ግድግዳ ያለበት ቦታ ካልወሰድከኝ አብጃለሁ አልኩት። ስብሰባውስ ቢለኝ፣ ስብሰባው ገደል ይግባ አልኩ። ይህንንም ያልኩት በሹክሹክታ ነው።

የባሌ አንድ ጓደኛ ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ትንሽ ባር ውስጥ ይሠራ ነበር። የባሯ ደንበኞች የበረራ ሠራተኞችና ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር የሚሄዱ፣ አውሮፕላናቸውን የሚጠብቁ ቱሪስቶች ናቸው። የሰፈራችን ሰው እዚያ አይደርስም። ስብሰባው ስምንት ሰዓት ላይ ስለነበር ሰባት ተኩል ላይ ወጣን፤ አዳራሹን ላለማየት በጀርባ ዞረን፣ ጎረቤት ባገኘን ቁጥር ወደ ስብሰባ የምንሄድ መስለን ፈጠን ፈጠን እያልን ተራመድን። ባሌ ሁለት ጊዜ እንመለስ አለኝ፤ ሁለት ጊዜም ክንዱን ይዤ ጎተትኩት።

ባሯ ከአማቴ ቤት ብዙም አትሰፋም። አምስት ጠረጴዛ፣ ቀይ አምፖል፣ ሰው ቁጭ ሲል ስምጥ የሚል ወንበር፣ ከባንኮኒው ጀርባ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መስታወት። ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት ይመስሉኛል፣ ካርታ ዘርግተው ጣታቸውን ከከተማ ከተማ ያንሸራሽራሉ። ጓደኛችን ድሮ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ጂን፣ ሎሚና ቀይ ሽሮፕ በሁለት ጣሳ አጋጥሞ ከትከሻው በላይ ያናውጥና፣ ከመቅዳቱ በፊት እንደ ድሮ ጠጅ አሳላፊ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ለእኔ ያመጣልኝ ብርጭቆ አፉ ዙሪያውን ስኳር ተነስንሶበታል። የወሩን ስኳር ለማግኘት ጎህ ሳይቀድ ቀበሌ ሱቅ የምሰለፍ ሴት፣ ስኳር ለጌጥ ሲበተን ሳይ መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ዙሪያውን ላስኩት። ባሌ ሳቀብኝ፤ በሙሉ ድምፁ ነበር የሳቀው። እንዲህ ሲስቅ ከሠርጋችን ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ሕልሜን ከመጀመሪያው ነገርኩት። ጫማውንም ባሕሩንም፣ ከዚያ በኋላ ያለውንም። ረጅም ሕልም አልነበረም፤ እኔ ግን አስረዘምኩት፤ የሌለውንም ጨመርኩበት። ማንም አልፈታልኝም። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩና፣ ቤቱ ቢቀርብንም ይቅር፣ ይቺን አንዲት ሰዓት አግኝቻለሁ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብዬ ያሰብኩት ግን እስኪመሽ ድረስ እንኳ አልቆየም።

በሩ ሲከፈት ባርኔጣ ያደረጉ፣ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱ ትልቅ ሰው ሲገቡ በመስታወቱ አየሁ። ባሌ ሆን ብሎ ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተን እንድንቀመጥ ስላደረገ ከኋላችን አልፈው ወደ ማዶው ጥግ ይሄዱ ነበር። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ግን ትልቅ ሰው ሲገባ ያልተነሣ ልጅ፣ ወገብህ ተቀጭቷል ወይ ተብሎ በቁንጥጫ የሚነሣበት ቤት ነው ያሳደገችኝ። ሰውነቴ እኔን አላማከረኝም። ብድግ አልኩና ዞሬ፣ «ኖር!» አልኩ።

ባርኔጣቸውን አነሡ። «በእግዜር! ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጪ የኔ ልጅ» አሉ።

ያኔ ተያየን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ናቸው። ካኪ ሳይለብሱ አይቻቸው ስለማላውቅ ነው ያልለየኋቸው። በየስብሰባው ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚመሩን፣ አንዲት እናት ንግግራቸውን በእግዚአብሔር ፈቃድ ብለው ቢጀምሩ፣ እዚህ የምንነጋገረው በሰፊው ሕዝብ ፈቃድ ነው ብለው ያረሟቸው ሰው። አሁን እሳቸው እግዜርን ጠርተዋል፤ እኔ ደግሞ ስብሰባ ቀርቼ ከንፈሬ ላይ ስኳር አለ። ባሌ ቀሚሴን ከኋላ ይጎትታል። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ባንኮኒው አዩ፤ መውጣቱም መቅረቱም ያው መሰላቸውና እኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ጓደኛችን ምን ላምጣ ሳይላቸው አንድ ብርጭቆ ፊታቸው አስቀመጠ። የዘወትር ደንበኛ ነበሩ ለካ።

«ዛሬ ስብሰባ ነበር» አሉ፣ ብርጭቆውን እያዩ።

«ለእርስዎም ነበር» አልኩ። ምላሴ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ባሌ ከጠረጴዛው በታች እግሬን ረገጠኝ።

ሊቀመንበሩ አልተቆጡም። የቀበሌው የበላይ የሆነው ከፍተኛ ጠርቶኛል ብለው ስብሰባውን ለጸሐፊው መተዋቸውን ነገሩን፤ የጠራቸው ግን ማንም አልነበረም። ከመጠጡ ቀመሱና እንዲህ አሉ፦ «ቤቴ ጠዋት የሚነጋው ደጁ ላይ ሰው ቆሞ ነው። አንዱ የድጋፍ ደብዳቤ፣ አንዱ ቤት፣ አንዷ ልጇን አስፈቱልኝ። ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጬ ማመልከቻ እጄ ውስጥ ይከቱብኛል። እዚህ ብቻ ነው ምንም የማልጠየቀው።»

ይህን ሲሉ ባሌ አፉን ከፍቶ ነበር። ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለሳምንት ሲያጠናው ሰምቼዋለሁ። ሰውዬው ፊታችን ናቸው፣ ነገ ውሳኔ ነው፣ እንዲህ ያለ ዕድል በስንት ዘመን አንዴ ነው። እኔም ልመናው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን የፊታቸውን ድካም አየሁት። መጋረጃ ባይኖራቸውም እኛ የሸሸነውን ነው የሸሹት። በዚህ ጊዜ የባሌን እግር የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ አጥብቄ ረገጥኩት። ስኳሩን ዙሪያውን እንዴት እንደሚያስይዙት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አፉን በሎሚ እያራሱ ነው ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ባሌ ስለ አውሮፕላን ጎማ አስረዳቸው፣ ፈረንጆቹ ካርታቸውን ገልብጠው ስለያዙ ሳቅን። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡና ተነሡ። ባርኔጣቸውን ሲያደርጉ ፊታቸው ወደ ካኪው ፊት ተመለሰ።

«ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮ ኑ» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። ማታ አንዲት ጎረቤት፣ በስብሰባው ላይ ስም ሲጠራ ቀሪ እንደተባልን ነገረችን። ሦስተኛው ማለት ነው። ባሌ በጆሮዬ፣ ብንለምናቸው ኖሮ ይሻል ነበር አለኝ። እኔም ውስጤ እንዲያ ያለ ጀምሮ ነበር። ኩራት ራት አይሆንም ይባል የለ፤ ቤትም አይሆንም። በዚያ ላይ የደበቁትን ያየንባቸው ሰዎች ነን፤ ሰው ምሥጢሩን የሚያውቅበትን ይፈራል፣ የፈራውንም አይወድም። ከመጋረጃው ማዶ አማቴ በዚያ ሌሊት ምንም አልተናገሩም። ጭንቀታችን ያስታውቅ ነበር መሰለኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ ሊቀመንበሩ በካኪ መሃል ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛን አይተው እንደማያውቁ ሰው አዩን። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና የእኛን ስም አንብቦ፣ ሁለት ጊዜ ቀርተዋል፣ የትናንቱ ሲጨመር ሦስት፣ በመመሪያው መሠረት ይሰረዙ አለ። ብዕሩንም አነሣ። በዚህ ዓለም ላይ ያለው ሁሉ እዚያች ብዕር ጫፍ ላይ ነበር።

«የትናንቱን አትጻፍ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ትናንት ሁለቱም ከእኔ ጋር ነበሩ።»

ጸሐፊው ቀና አለ። ሊቀመንበሩ ትናንት የት እንደነበሩ ኮሚቴው ያውቃል፤ ከፍተኛ ተጠርተው ነበራ። ከከፍተኛ ጋር የተያያዘ ነገር ደግሞ አይጠየቅም። እሳቸውም ስለ እኛ አንዲት ቃል አልዋሹም። ብዕሯ ተመለሰች። ከዚያ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁት፤ እስከ ዛሬ ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ባሌ እጄን ያዘኝ። ቁልፉን ሲሰጡን ሊቀመንበሩ አይናችንን አላዩም። ያደረጉት ፈርተውን ይሁን አዝነውልን አላወቅሁም፤ ባሌ ፈርተው ነው ይላል። እኔ ያልጠየቅናቸው ብቸኛ ሰዎች ስለሆንን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላውን ማመን አልፈልግም። ዳግም ባር ውስጥም አልተገናኘንም፤ ያቺ ቦታ የእሳቸው ናት ብለን ተውንላቸው።

ዕቃችንን በዚያው ቀን አጓጓዝን። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ምድጃ። አማቴ መጋረጃውን አውርደው አጣጥፈው ሰጡኝና፣ ለመስኮትሽ ይሆናል፣ ለእኔ አሁን ምን ያደርግልኛል አሉ። እቅፍ አድርጌ ሳምኳቸው። በየእሁዱ እንደምንመጣ ነገርኳቸው፤ መጣንም።

ከዚያ ሁለታችን ቀረን። ክፍሉ ኖራ ኖራ ይሸታል፤ ጣሪያው ላይ ሦስት ቀዳዳ ቆጠርኩ። በሩን ገፋሁትና መወርወሪያውን ከውስጥ ጣልኩ። ሚስት የባሏን ስም በአማቷ ፊት አትጠራም ተብዬ ነው የተዳርኩት፤ በዚያ ቤት አማቴ ፊት ያልሆነ ቦታ ስላልነበረ፣ ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ስማ፣ እንካ፣ አንተ ስለው ኖሬአለሁ። ክፍሉ መሃል ላይ ቆምኩና ስሙን ጠራሁት። ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብዬ ነበር የጠራሁት። እሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ «አቤት» አለኝ።