መርዶ ነጋሪውና የካሰች ስልክ

ጋሼ ሙላቴ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሠሩ አናጢ ናቸው፤ ደብረ ታቦር ላይ የሚታወቁት ግን በመርዶ ነጋሪነታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የሰፈራችንን ሞት በወጉ ያረዱት እርሳቸው ናቸው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ አስከትለው፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ዘመድ አሰባስበው።

ልጆች ዓረብ አገር መሄድ ሲጀምሩ ወጉ በስልክ ማለፍ ነበረበት፤ ስልኩ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም። ድሮ አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ሳለ ሥራው ቀላል ነበር። «እናትሽን ትንሽ አሟታል» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ፊደል አያለቅስም። ቆይቶ የድምፅ መልእክት መጣ፤ ጋሼ ሙላቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው መናገር ተማሩ። ቀጥሎ ፎቶ፣ ከዚያም ፊት ለፊት መተያየት።

«ለማን ብለው ነው የሚጨማምሩት? እኛን ማን ጠየቀን?» ይሉኛል። የስልካቸውን መተግበሪያ የማድስላቸው ጎረቤት እኔ ስለሆንኩ ቁጣው ሁሉ የሚያርፈው እኔው ላይ ነው።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ አንድ ሰኞ፣ ጎረቤታችን ካሰች በድንገት ሞተች። አንድ ልጇ ብርቱካን ኩዌት የሰው ቤት ትሠራለች፤ የምታርፈው ዓርብ ነው። ጋሼ ሙላቴ እዚያ ላሉ የአገር ልጆች ደውለው፣ ዓርብ ጠዋት ተሰብስበው እንዲያረዷት ተስማሙ። እስከዚያ መደበቅ ነበረብን።

«እናቷ ስልኩን መጨረሻ የከፈተችበትን ሰዓት ያሳያታል» አልኳቸው። ስለዚህ የሟችን ስልክ ተቀብለው፣ ካሰች ያለች እንዲመስል በየጠዋቱ ይከፍቱት ጀመር። ብርቱካን «እማ፣ እንዴት አደርሽ?» ብላ ትጽፋለች። ያነባሉ፤ አይመልሱም። «በሞተ ሰው አፍ አልዋሽም» አሉኝ።

መልእክት ሲነበብ ላኪዋ ዘንድ ምልክቱ ሰማያዊ እንደሚሆን ግን ልብ አላልንም። የካሰችንም ስልክ እኔው ራሴ ባደስኩት ጊዜ የመጣ ነገር ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። አጠገባቸው ነበርኩ።

«እማ፣ እያነበብሽ ዝም አልሽኝ። ለፋሲካ አልመጣም ስላልኩሽ ነው? ይቅር በይኝ። አንድ ቃል ብቻ በይኝና ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ።» ታለቅስ ነበር።

የጋሼ ሙላቴ ፊት አመድ መሰለ።

«ዓርብ እኮ ነገ ነው፣ ይታገሡ እንጂ» አልኳቸው።

«እናቴ ተቀይማኛለች ብላ ትደር?» ብለው ጮኹብኝ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለበሱና፣ በዚያው በካሰች ስልክ፣ ፊት ለፊት የሚያስተያየውን ተጭነው ደወሉ።

ብርቱካን «እማዬ!» ብላ አነሳች። ከፊታቸው በፊት ያየችው ነጠላውን ነው። የሚደግፋት ሰው አልነበረም፤ ከኋላዋ የሚታየው የሰው አገር ወጥ ቤት ብቻ ነው። ጩኸቷን ለቀቀችው። እርሳቸውም እየተንሰቀሰቁ፣ ስልኩን ሳይዘጉ፣ እስክትረጋጋ አብረዋት ቆዩ።

«መቼ ነው ጋሼ?» አለች በመጨረሻ።

«ሰኞ።»

«ታዲያ መልእክቴን ማን ነበር የሚያነበው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። ሠላሳ ዓመት መርዶ ያረዱት ሰው «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።