ዕድሜዋን የጨመረችው ጆስሊን

ሴት ዕድሜዋን ትቀንሳለች ይባላል። የእኛዋ ጆስሊን ግን ሁለት ዓመት ጨምራ ኖረች። ለእኛ በፈረንሳይ የወይን አገር ለምንኖር ለቦርዶ አካባቢ ሰዎች ይህ እብደት አይደለም፤ ሰውን የምንመዝነው በተወለደበት ዓመት ወይን ነው። የ1961 ወይን ጠጅ ለንጉሥ የሚቀርብ ነው፤ የ1963ቱ ግን በዝናብ በስብሶ ሰላጣ ላይ እንኳ ለማፍሰስ ያሳፍራል። እሷ የተወለደችው በስልሳ ሦስት ነው። ከወንዙ ማዶ ተድራ ስትመጣ ዓመቷን እዚያው ጥላው መጣች።

ሊቡርን ከተማ ጫማ ትሸጣለች። ደንበኛን መጀመሪያ የምትጠይቀው የእግሩን ቁጥር ሳይሆን የተወለደበትን ዓመት ነው፤ ዓመቱ መጥፎ ከሆነ ጫማው የጠበበው በእግሩ ጥፋት ነው። ባሏ ሬጂስ ትራክተር ይጠግናል። የተወለደው በስልሳ አምስት ነው፤ ያም ዓመት ዝናብ የበዛበት፣ ወይኑ የቀጠነበት ነበር። ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ውሃዬን ተዋወቁት" ትላለች። እሱም ይስቃል። የሚስቱን እውነተኛ ዓመት የጋብቻ ፊርማ ሲፈርሙ አይቶ ዋጥ አድርጎታል።

እንግዲህ ስልሳ ዓመት "ሞላት"። በእኛ ዘንድ ለእንዲህ ያለ ልደት የሚሰጠው በተወለዱበት ዓመት የተጠመቀ ወይን ጠጅ ነው። ጆስሊን ስልሳ አንድ፣ ስልሳ አንድ ስትል ከረመች። ሬጂስ ወይን ሻጩ ዘንድ ሄዶ ከሁለቱም ዓመት አንዳንድ ጠርሙስ አስወጣ። ስልሳ አንዱን ቢወስድ ውሸቱ እስከ መቃብር ይከተላቸዋል፤ ስልሳ ሦስቱን ቢወስድ ሚስቱ በሰው ፊት ትዋረዳለች። ስልሳ ሦስቱን ይዞ ወጣ። በኋላ እንደነገረኝ ውሃ መባል አንገፍግፎት ነበር።

እራት ላይ ዳክዬው ተበልቶ ሲያልቅ ስልሳ ሻማ የተተከለበት ኬክ ቀረበ፤ ጠርሙሱም ተከተለ። ጆስሊን ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን 1963 አይታ ፊቷ አመድ መሰለ። አጠገቧ ተቀምጬ ስለነበር እኔም አነበብኩት። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ፤ ጎረቤቷ ሆኜ ስኖር የእኔን ዓመት ያላንቋሸሸችበት እራት የለም።

"ሻጩ ተሳስቶ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ሬጂስ ለዚህች ሰዓት ያሰናዳው ነገር እንደነበረው ያስታውቃል። ዓይኗን ሲያይ ግን ጠፋበት።

"አልተሳሳተም፣ የኔ እመቤት። ሁለት ዓመትሽን ልመልስልሽ ብዬ ነው። ከእኔ ጋር የምትኖሪያቸው።"

ቡሹ ተነቀለ፤ ሁላችንም ኮምጣጤ እየጠበቅን አፍንጫችንን አዘጋጀን። ኮምጣጤ አልነበረም፤ ጥሩም አልነበረም። ጆስሊን ተጎንጭታ አፏ ውስጥ ብዙ አቆየችው።

"ቀጭን ነው። ግን አልሞተም" አለች።

ከዚያ እጇን ዘርግታ ከኬኩ ላይ ሁለት ሻማ ነቀለች፤ ሳህኗ ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻቸው። ቀጥላም የሬጂስን ብርጭቆ ሳበችና ራሷ ቀዳችለት።

"ጠጣ እንግዲህ፣ ውሃዬ" አለችው።