የሰኔ ሠላሳ ተቀማጭ

የበደለኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ካቻምና በሰኔ። ሰው ባለፈ ነገር ምን አንገበገበሽ ይለኛል። አልተንገበገብሁም፤ ደክሞኛል። ግን እሱ ደብረ ማርቆስን እየዞረ ነገሩን በሚመቸው መንገድ ስለሚያወራው፣ እንደሆነው ልጻፈው።

እናቱ ስትሞት ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው። እኔ ያን ጊዜ የሰፈራችን የሴቶች ዕድር ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። የዕድሩ ብር የሚቀመጠው መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሌላ ባንክ ነበር።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ሙዝ ይዞ መጣ። ሙዝ ይዞ ሲመጣ አንድ ነገር እንደሚፈልግ አውቃለሁ።

“እታለም፣ የዕድሩን ብር ወደ እኔ አዙሪልኝ፤ ዓመቱ እስኪዘጋ ብቻ።”

“እዚያ ምን ጎደለበት?”

“ምንም። ዋናው መሥሪያ ቤት የሚያየው ሰኔ ሠላሳ ያለውን ጠቅላላ ተቀማጭ ነው። የባንክ ጤና በተቀማጩ ነው የሚለካ።”

“ታመሃል እንዴ?”

ሳቀ። “ዕቅዱ አልሞላልኝም። ሐምሌ ሲገባ በፈለጋችሁ ቀን ታወጡታላችሁ።”

“ሰው ቢሞትብንስ?”

“አንቺን ይንሳኝ፣ በዚያው ሰዓት ነው የምሰጥሽ።”

ብሩን ለማንቀሳቀስ የሰብሳቢዋ፣ የጸሐፊዋና የእኔ ፊርማ ያስፈልጋል። ሰብሳቢዋ “ልጅሽ አይደል፣ ምን እንዳይሆን?” ብላ ፈረመች። ጸሐፊዋ ግን እስክሪብቶውን ይዛ አየችኝ። “ባንቺ ነው” አለችና ፈረመች። እስከ ዛሬ የምትከብደኝ ያቺ ቃል ናት።

ሰኔ ሠላሳ ቅርንጫፉ በፊኛ አጊጦ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ልጁ ማይክሮፎን ይዞ፣ ተቀማጩ ከዕቅድ በላይ ማደጉን፣ ይህም የሕዝቡን አመኔታ እንደሚያሳይ ተናገረ። እኔን ከፊት አስቀምጠው የባንኩ ስም የተጻፈበት ዣንጥላ ሸለሙኝ። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ የእህል ነጋዴ ጎንበስ ብሎ፣ “እርስዎንም ለዓመት መዝጊያው ነው የለመነዎት?” አለኝ። ዘወር ብዬ የተሰበሰበውን ሰው አየሁ። ስንቱ ይሆን እንደኛ?

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከብት ነጋዴ ነበር። አንዳንድ ሻጭ በገበያው ዋዜማ በሬውን ጨው ያልሰውና ጠዋት ውሃ ያጠጣዋል። በሬው ሆዱ ተነፍቶ ገበያ ይወጣል። በማግስቱ ገዢው ጋጣ ውስጥ ከስቶ ያገኘዋል። ባሌ ሆድ አያይም፤ ሽንጥ ይዳስስ ነበር። ተቀማጭ የጤና ምልክት አይደለም አልልም፤ ሰው ያላመነው ቤት ብሩን አያስቀምጥም። የዚያን ቀን የተጨበጨበለት ግን ውሃው ነበር።

ሐምሌ እንደገባ አንዲት የዕድራችን አሮጊት ሞተች። መዋጮ ሳታሳልፍ የኖረች ሴት ነበረች። በደንባችን ብሩ ከቀብሩ በፊት ለቤተሰቡ ይደርሳል፤ ድንኳኑ የሚከራየውም ለለቀስተኛው የሚሰናዳውም በሱ ነው። ሦስታችን ጠዋት ባንኩ ደረስን። ከፋይዋ ጥሬ ብር የለም አለችን። ልጁ ከቢሮው ወጣ። ቤት አንቺ የሚለኝ ልጅ ሠራተኞቹ ፊት፣ “እናቴ፣ ይታገሡን፤ ብር የሚያመጣውን መኪና ደጀን ላይ ዝናብ ይዞት ነው” አለኝ።

ተቀመጥን። እኩለ ቀን ሲሆን ያ የእህል ነጋዴ ብሩን በማዳበሪያ አሸክሞ ከውስጥ ወጣ። እኔን ሲያይ አቀረቀረ።

ቢሮው ገባሁ። “ለሱ ከየት መጣ?”

ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እታለም፣ የገባው ሁሉ ሰሞኑን ተሰልፎ ወጣ። የቀረችውን ለሱ ሰጠሁ። እሱን ባስቀይመው ሌላውን ነጋዴ ሁሉ ይዞብኝ ይሄዳል። አንቺ የት ትሄጃለሽ?”

ሁለቱን ሴቶች ይዤ ባዶ እጄን ወደ ለቅሶው ሄድሁ።

ሴቶቹ ከየቤታቸው አዋጥተው ንፍሮ ቀቀሉ። ድንኳን ግን አልነበረም። ለቀስተኛው በየጎረቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ ሲዘንብበት ዋለ። የሟች ልጅ እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች፤ እስከ ዛሬም አልመለሰችውም። በማግስቱ ጊደሬን በወረደ ዋጋ ሸጬ ለቤተሰቡ ከፈልሁ።

የዕድሩ ብር በሳምንቱ ተገኘ። ልጁ በሰኔ ሠላሳው ቁጥር ተመስግኖ ወደ ትልቅ ቅርንጫፍ አደገ። “ብሩ አልጠፋባት፣ ምን አደረግኋት?” እያለ ያወራል አሉ። እውነት ነው፣ ብሩ አልጠፋም።

ሦስታችን ፈርመን ብሩን ወደ ድሮው ባንክ መለስነው። የከፈልሁትን ወሰድሁና ገንዘብ ያዥነቱን ለጸሐፊዋ አስረከብሁ። ባለፈው ሰኔ ልጁ ሙዝ ይዞ መጣ። ዣንጥላውን በበሩ ክፍተት አሳልፌ ሰጠሁትና መቀርቀሪያውን መለስሁ።