ጉቶው እስኪሞት

ወደ ደን ሙያ ያስገባኝ ፍላጎት ሳይሆን ምደባ ነው። ቅየሳ ለመማር አመልክቼ ደን ጥበቃ ደረሰኝ። ትምህርቱን ግን ወደድሁት፤ ለልምምድ ሄጄ የምዕራቡን የተፈጥሮ ደን ካየሁ በኋላ ደግሞ ዕድሜዬን እዚያ ለማሳለፍ ቆረጥሁ። የተመደብሁት ከጉለሌ በላይ ባለው ተዳፋት፣ ባሕር ዛፍ መሐል ነበር። «ለጊዜው ነው» ተባልሁ።

ሥራችን ባሕር ዛፉን እያነሣን ጽድ፣ ወይራና ኮሶ መተካት ነበር። ባሕር ዛፉ ከተማዋ ማገዶ አጥታ ልትነቀል በተቃረበችበት ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ያቆያት ዛፍ ነው፤ ለአዲስ ሠራተኞች ታሪኩን ሳልነግር መጥረቢያ አስነሥቼ አላውቅም። ችግሩ ይህ ዛፍ ሲቆረጥ አለመሞቱ ነው። ከጉቶው ዙሪያ ቡቃያ ይፈነዳል፤ የጽዱ ችግኝ ጉልበት ሳይደርስ ቡቃያው የሰው ቁመት አልፎ ብርሃኑንም ውሃውንም ይነጥቀዋል። ቆራጮቻችን ጥቂት ስለነበሩ ላይኛውን ሲጨርሱ ታችኛው እንደገና አቆጥቁጦ ይጠብቃቸዋል።

ወደ ምዕራቡ ደን ዝውውር ስጠይቅ ኃላፊዬ ማመልከቻዬን ወደ ጎን አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ጉቶው ሲሞት ትሄዳለህ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በዓመቱም ያንኑ ደገመልኝ፤ ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

የምኖረው ቀጨኔ ነበር። በግቢያችን፣ ከደኑ ለማገዶ የሚሆን ቅጠል ጠርገው፣ ተሸክመው አዲሱ ገበያ የሚሸጡ ሴት ነበሩ፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ እላቸዋለሁ። እንደ እሳቸው ያሉ ቅጠል ጠራጊ ሴቶች ወደ ደኑ እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የማስወጣውም እኔ ነኝ። አንድ ምሽት በር ላይ ተገናኘን።

«ቀን ታባርረናለህ፣ ማታ 'እንዴት አመሹ' ትላለህ። የትኛው ነህ አንተ?»

«ሥራዬ ነው፣ እትዬ።»

«የኛስ ጨዋታ ነው?»

ከእሳቸው ጋር የማልተላለፍበት ሌላ በር ግቢው የለውም፤ እኔም ከዚያ ተዳፋት የምወጣበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። በበነጋው ግን ያሰብሁትን ነገርኋቸው፤ ችግኝ ሳይረግጡ፣ ከጉቶው ቡቃያውን ብቻ ቢወስዱስ? በቢላ ሳይሆን ከሥሩ በእጅ ገንጥለው፤ የተቆረጠ መልሶ ይበዛል፣ የተገነጠለ ግን ጉቶውን ያደክማል።

«ስታባርረን የከረምከው ይኼን ለመጠየቅ ነው?» አሉ እየሳቁ። «እርጥብ ይከብዳል እንጂ እምቢ አንልም።»

ኃላፊዬ በቃል ፈቀደ፤ በጽሑፍ አልሰጠም። «በራስህ ኃላፊነት» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ችግኝ በተሰበረ ቁጥር እኔው ራሴ በሌላ እተካው ነበር። ሴቶቹ ተራ ይዘው፣ ከታች ወደ ላይ እየገነጠሉ ወጡ፤ ቡቃያ ባቆጠቆጠ ቁጥር ተመለሱ። ጥቂት ክረምቶች አለፉ። አንድ ጠዋት አንዱን ጉቶ በጫማዬ ተረከዝ ብመታው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። አጠገቡ የተከልነው ጽድ ከራሴ በላይ ነበር። ይህን ያህል ስፋት ያለው ተዳፋት እንዲህ ሲለወጥ በዓይኔ በማየቴ ዛሬም ደስ ይለኛል።

የሴቶቹ ሥራ በጽሑፍ እንዲጸድቅ ሐሳብ አቀረብሁ፤ ዝውውሬንም በዚያው ቀን ጠየቅሁ። እትዬ ሰምተው ኖሮ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልትሄድ ነው አሉ። ተተኪው መጥቶ ቢያባርረንስ?»

«ለዚህ ነው በጽሑፍ ይሁን ያልሁት።»

«ወረቀቱ እኛን ያውቀናል?» አሉና ሸክማቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ኃላፊዬ ቢሮው አስጠራኝ። «ጉቶው ሞቷል» አልሁት ገና ሳልቀመጥ።

«ታዲያ የገደለውን ሰው እንዴት እንልቀቀው?» አለኝ።

ውሳኔው ሁለት ነጥብ ነበረው። የሴቶቹ ቡድን ቡቃያ የማንሣት ሥራውን በቋሚነት እንዲቀጥል ተፈቀደ። አሠራሩን የዘረጋው ባለሙያም በአስተባባሪነት በቦታው እንዲጸና፣ የዝውውር ጥያቄውም እንዲዘጋ ተወሰነ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አልተከፈተም። ውሳኔው የተፈረመው የበጀት ዓመቱ በተዘጋበት ዕለት፣ ሰኔ ሠላሳ ቀን ነው።